አዲስ መድኃኒት በነባሩ ላይ ከመጨመርዎ በፊት

ፒያሳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ማዘዣ ይዘው ሲገቡ፣ አስቀድመው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያሳዩ፤ «ነጯን ክኒን ነው የምወስደው» ማለት ባለሙያውን እምብዛም አይረዳውም። ጉበት ብዙዎቹን መድኃኒቶች የሚያፈርሰው በኢንዛይሞች (ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) ስለሆነ፣ አዲሱ መድኃኒት እነዚህን ኢንዛይሞች ያግድ ወይም ያነቃቃ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሲታገዱ ነባሩ መድኃኒት በደም ውስጥ ይበዛል፣ ሲነቃቁ ደግሞ ቶሎ ፈርሶ ይዳከማል።

ከአነቃቂዎቹ ይበልጥ ሊጠነቀቁለት የሚገባው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ነው። የእርግዝና መከላከያ ክኒንን ስለሚያዳክም ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪር ለሚወስድ አዋቂም ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊግራሙን በቀን 2 ጊዜ ያዝዛል። የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ የዋርፋሪኑ መጠን ከፍ ሊደረግለት ስለሚችልና የሪፋምፒሲን ተጽዕኖ ካቆሙት በኋላ በ2 ሳምንት ገደማ ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚጠፋ፣ የደም መርጋት ምርመራውን በዚያ ጊዜም መቀጠል አለበት፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንኑ ነው።

አጋጆች ግን በቀናት ውስጥ ይሠራሉ። የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል ከዋርፋሪን ጋር መድማትን፣ አንቲባዮቲኩ ክላሪትሮማይሲን ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ጋር የጡንቻ ጉዳትን ሊያስከትል ይችላል። የግሬፕፍሩት ጭማቂም (ተራው ብርቱካን አይደለም) ሲምቫስታቲንን በደም ውስጥ ያበዛል። ድድዎ ቢደማ ወይም ሽንትዎ ቢጠቁር ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያነጋግሩ።