የመዝናኛ ፓርክ ልደት ሲከበር በልደቱ ቀን አትሂዱ

ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች 50ኛ፣ 70ኛ ዓመት ሲያከብሩ ማስታወቂያው ሁሉንም ሰው ወደ አንድ ቀን ይገፋል። ያን ቀን የሄደ ቤተሰብ ውሎው ሰልፍ ነው። ልጆች ፀሐይ ላይ ቆመው ይደክማቸዋል፣ ትኬቱም ውድ ነው።

መላው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ በዓሉ የሚያበቃበትን ቀን ፈልጉ። ከዚያ መሃል ላይ፣ ትምህርት ቤት ባልተዘጋበት ወቅት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ምረጡ።

ፓርኮቹ ልደታቸውን በአንድ ቀን አይጨርሱትም። ሆቴላቸው ዓመቱን ሙሉ እንዲሞላ፣ የመጣውም ሰው ተመልሶ እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ጥቅምት 1 ነው። 50ኛ ዓመቱን ግን ከ2021 ጥቅምት እስከ 2023 መጋቢት መጨረሻ፣ 18 ወር ሙሉ አከበረ። በውስጡ ባሉት አራት ፓርኮች የተተከሉት 50 ወርቃማ የገጸ ባሕርያት ሐውልቶች ለአንድ ቀን የቆሙ አልነበሩም። ከወራት በኋላ የሄደም ልጁን አጠገባቸው አቁሞ ተረጋግቶ ፎቶ ያነሳል። በዚያ ላይ የዲዝኒ የአንድ ቀን ትኬት ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ሰው የሚበዛበት ቀን ይወደዳል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት አትጠብቁ፣ «ሳያልቅ እንይ» የሚለው ሁሉ ያኔ ነው የሚጎርፈው። ቀኑ የታተመበት ማስታወሻ ዕቃ የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ ይህ ምክር አይሆናችሁም፤ እንዲህ ያለው ቶሎ ያልቃል፣ በዕለቱ በጠዋት መገኘት ነው።