ኬክሮስና ኬንትሮስ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ተማሪዎቻችሁን «ኢትዮጵያ የት ትገኛለች?» በሏቸው። «ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ!» ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያወርደዋል። እኔም በዚህ ተደስቼ አንዱን ጎበዝ አስነሳሁና «እስቲ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ምሥራቅን አሳየን» አልኩት። አዲስ አበባ አካባቢ ማለት ነው። ልጁ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር መሃል ጣቱን ነከረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

መጀመሪያ ነገር፣ ካርታ ሳይነካ ቁጥር አሸምድጄዋለሁ። ሁለተኛ፣ ሒሳብ መምህሩ «ኤክስ ይቀድማል፣ ዋይ ይከተላል» ብሎ አስተምሮታል። ስለዚህ 9ን ወደ ጎን፣ 38ን ወደ ላይ ቆጠረ። በካርታ ላይ ግን ኬክሮስ (የሰሜንና ደቡቡ ቁጥር) ነው የሚቀድመው፤ ኬንትሮስ (የምሥራቅና ምዕራቡ) ይከተላል። ይህን ልዩነት አፍ አውጥቶ የሚነግራቸው ሰው የለም። ንገሯቸው።

ስሞቹ ራሳቸው መንታ ይመስላሉ። በስማቸው ብቻ ለዩ ማለት ልጁን ማንገላታት ነው። እኔ የምጠቀምባት ዘዴ ይህች ናት፦ ኬንትሮስ በፊደል ይረዝማል፣ ቁጥሩም እስከ 180 ይረዝማል። አጭሩ ኬክሮስ 90 ላይ ያበቃል። «ኬክሮስ 120» ብሎ የጻፈ ልጅ ራሱን በራሱ ይይዛል።

ትልቁ ስህተት ግን «ኬክሮስ አግድም፣ ኬንትሮስ ቁልቁል» ብሎ ማለፍ ነው። ልጁ አግድም ሲባል ምሥራቅና ምዕራብን የሚለካ ይመስለዋል። የኬክሮስ መስመር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ የሚነግረን ግን ከምድር ወገብ ስንት ዲግሪ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንደራቅን ነው። ፎቅ አስቡ። ወለሉ አግድም ተነጥፏል፤ ግን «4ኛ ፎቅ ነኝ» ስትሉ የምትናገሩት ስለ ከፍታችሁ ነው። ይህችን ከነገርኳቸው ወዲህ ብዙ አልደከምኩም።

አቅጣጫውን መዘንጋትም አለ። እኛ ሁሌ ሰሜንና ምሥራቅ ስለሆንን ልጆቹ ቁጥሩ ብቻ የሚበቃ ይመስላቸዋል። ያንኑ 9 እና 38 ይዛችሁ ሰሜንን በደቡብ ቀይሩ፤ ታንዛኒያ ትገባላችሁ። ምሥራቅን በምዕራብ ብትቀይሩ ደግሞ አትላንቲክ ላይ ትንሳፈፋላችሁ።

አሁን ሁሉም ስልክ ስላለው አዲስ ጣጣ መጥቷል። ስልኩ ባሕር ዳርን 11.6 ይላል፤ ልጁ «11 ዲግሪ ከ6 ደቂቃ» ብሎ ይጽፋል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው (የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ደቂቃ)፤ ስለዚህ 0.6 ማለት 36 ደቂቃ ነው። በኬክሮስ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያቺ ስህተት ባሕር ዳርን 55 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወሰደቻት።

ሉል ከሌለ ብርቱካን ላጡ። የፍሬው መክፈያ መስመሮች ጫፍና ጫፉ ላይ እንደሚገናኙ ሁሉ ኬንትሮሶችም ዋልታዎቹ ላይ ይገናኛሉ። በጠፍጣፋ ካርታ ብቻ የተማረ ልጅ ይህን አያምንም።

የመጨረሻው ስህተት ክፍል ውስጥ መቅረት ነው። አዲስ አበባ ካላችሁ ሚያዝያ 5 አካባቢ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳ ላይ ትከሉ። ፀሐይ በዚያ ሰሞን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ላለ ሰው እኩለ ቀን ላይ በትክክል አናቱ ላይ ትሆናለች። ከቀኑ 6:25 ገደማ ሲሆን ጥላው እንጨቱ ሥር ገብቶ ይጠፋል። «ለምን ልክ 6 ሰዓት ላይ አልሆነም?» የሚል አይጠፋም። ሰዓታችን የተቆጠረው በሶማሌ ክልል በሚያልፈው የ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 38.75 ላይ ናት። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ትሻገራለች። የቀረውን ስሌት ለልጆቹ ተዉላቸው።