ወገቡ ላይ የሚታጠፈው ሪቮልቨር፦ አዲስ ገዢዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ቴክሳስ ውስጥ በምሠራበት የጦር መሣሪያ መጠገኛ የሚመጡልኝ «የድሮ» ሪቮልቨሮች አብዛኞቹ ድሮ የተሠሩ አይደሉም። ሰሜን ጣሊያን፣ ብሬሺያ አጠገብ ባለችው በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በቅርብ ዓመታት ተሠርተው የ19ኛውን ክፍለ ዘመን መልክ ለብሰው የመጡ ናቸው። ኡቤርቲ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ የካውቦይ ዘመን መሣሪያዎችን እንደ ጥንቱ አድርጎ ይሠራል። ከእነዚህ ውስጥ ለእኔ ብዙ ሥራ የሚፈጥሩልኝ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1870 ያወጣው የሞዴል 3 ቤተሰቦች ናቸው፤ ስኮፊልድ የሚባለውና ለሩሲያ ጦር የተሠራው።

በዚያው ዘመን ከታወቀው ከኮልት ሪቮልቨር የሚለዩት በአከፋፈታቸው ነው። የኮልት አካል አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ጥይቱ በጎን በኩል ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ ይገባል፣ ቀለሃውም በዚያው አንድ በአንድ እየተገፋ ይወጣል። የእነዚህ ግን ከላይ ያለው መቆለፊያ ሲለቀቅ አፈሙዙና ጥይት የሚሞላበት ከበሮው አንድ ላይ ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ በከበሮው መሃል ያለው ኮከብ መሰል አውጪ ብቅ ብሎ ስድስቱንም ቀለሃዎች ባንድ ጊዜ ይጥላል። ማየቱ ደስ ይላል። ሰው የሚገዛውም በአብዛኛው ለዚህ ነው። ዋጋው ግን መሣሪያው ሁለት ቁራጭ መሆኑ ነው፤ ሁለቱን የሚያያይዛቸው ከታች ማጠፊያው፣ ከላይ መቆለፊያው ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ጥፋት በሙሉ ማለት ይቻላል እነዚህን ሁለቱን ከመርሳት የሚመጣ ነው።

በክንድ ወዝውዞ መዝጋት

ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! በካውቦይ ፊልም ላይ ጀግናው ጥይቱን ሞልቶ እጁን ቀልጠፍ አድርጎ ሲወዘውዝ ሪቮልቨሩ «ጠቅ» ብሎ ይዘጋል። ተመልካቹም ጠመንጃ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚሞክረው ይህንኑ ነው። ገና ያልከፈለበትን መሣሪያ!

ነገሩን በብረቱ በኩል እዩት። ስኮፊልድ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የክብደቱ ትልቁ ድርሻ ያለው ደግሞ በሚወዘወዘው ክፍል ላይ ነው። ረጅም አፈሙዝ፣ ወፍራም ከበሮ፣ በውስጡ እርሳስ የሞላ ጥይት። ይህ ሁሉ በሩጫ መጥቶ የሚያርፈው መቆለፊያው ላይ ባለችው ቀጭን የብረት ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዟ በመጀመሪያው ቀን አትሰበርም። ቢሰበርስ ሰው ይማርበት ነበር! ቀስ በቀስ ትዶለድማለች። የማጠፊያው ምሰሶ የሚቀመጥበት ክብ ቀዳዳም ወደ ሞላላነት ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቱ መሣሪያውን ዘግቶ አፈሙዙን ሲነካው ይወዛወዝበታል፤ ወደ ብርሃን ሲያዞረውም መቆለፊያው ሥር ሊኖር የማይገባ ክፍተት ያያል።

አንድ የአገራችን ልጅ እንዲህ የሆነ ስኮፊልድ ይዞልኝ መጥቶ «ጋሼ፣ ከፋብሪካው ጀምሮ የተበላሸ ነው የሸጡልኝ» አለኝ። እስቲ እንዴት እንደምትዘጋው አሳየኝ አልሁት። ወዘወዘው። እኔም ምንም ሳልናገር አየሁት፤ እሱም ወዲያው ገባው። ከ1,000 ዶላር በላይ ለወጣበት ዕቃ ይህ ውድ ትምህርት ነው። መቆለፊያው በሌላ ሊተካ ይችላል፤ አዲሱን ከአካሉ ጋር በሞረድ ማስማማት ግን በደቂቃ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

አዘጋጉ እንዲህ ነው፦ አንዱ እጅ እጀታውን ይይዛል፣ ሌላው እጅ አፈሙዙን ከሥር ይዞ ቀጥ እያደረገ ይመልሰዋል፤ መቆለፊያው መያዙን በጆሮም በአውራ ጣትም ያረጋግጣሉ። ሌላ አዘጋግ የለም። «እኔ ቀስ አድርጌ ነው የምወዘውዘው» የሚል ሰውም ይመጣል። ቀስ ብሎ መወዝወዝ የሚባል ነገር የለም።

«ብረቱ አዲስ ነው፣ ማንኛውንም ጥይት ይችላል»

ብረቱ አዲስ መሆኑ እውነት ነው። የ1875ቱ ስኮፊልድ ለጥቁር ባሩድ ብቻ የተሠራ ሲሆን የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ይተኩሳል። የአሠራሩ ንድፍ ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ማጠፊያውም መቆለፊያውም ቦታቸውን አልቀየሩም።

የ45 ኮልት ጥይት በአሜሪካ አምራቾች መለኪያ የግፊት ጣሪያው 14,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው። ያው ቀለሃ ለወፍራም ዘመናዊ ሪቮልቨር ሲሞላ ግን የዚህን እጥፍ የሚያህል ግፊት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ጥይት ከውጭ ሲታይ ከተራው አይለይም፤ ከበሮው ውስጥም ያለ ችግር ይገባል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የአደን፣ የድብ መከላከያ፣ ወይም «ለጠንካራ ሪቮልቨር ብቻ» የሚል ነገር ካለበት ወደ መደርደሪያው ይመልሱት። ባለ 38 ስፔሻል የገዙም «ፕላስ ፒ» (ግፊቱ ከመደበኛው የጨመረ) የሚል ምልክት ያለበትን ይተዉት። ለካውቦይ ውድድር ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ፣ ሙሉ የእርሳስ ጥይት በቂ ነው። የቆርቆሮ ዒላማ የሚመታው ጥይት ምን ያህል እንደፈጠነ አይጠይቅም።

ጠንካራ ጥይት ሲደጋገም መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይፈነዳም፤ ቀስ በቀስ ይላላል። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ፣ ተኳሹ ፊቱ ላይ ብናኝ ሲሰማው፣ ያን ጊዜ ረፍዷል።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው የእንግሊዙ ዌብሊ ነው፤ እሱም ወገቡ ላይ ይታጠፋል። ወደ አሜሪካ ከገቡት የድሮ ዌብሊዎች ብዙዎቹ 45 ኤሲፒ የተባለውን የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት እንዲተኩሱ ከበሯቸው ከኋላ ተላግቷል። ጥይቱ መግባቱን አይተው ተገቢው ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አይደለም፤ የፋብሪካ 45 ኤሲፒ ግፊት መሣሪያው ከተሠራለት ከ455 ጥይት በጣም ይበልጣል።

የጥይት ስም ማምታታት

ይህ ስህተት የአሜሪካን ጦር ሠራዊት ራሱን አሳስቷል። የ10ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ሻለቃ ጆርጅ ስኮፊልድ የሞዴል 3ን መቆለፊያ ፈረሰኛ በአንድ እጅ እንዲከፍተው አድርጎ አሻሻለና ጦሩ በ1875 መግዛት ጀመረ። ነገር ግን የጦሩ ኮልት የሚተኩሰው ጥይት ለስኮፊልዱ ከበሮ ረዘመ። የስኮፊልዱ ቀለሃ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የኮልቱ ከ32 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። አጭሩ በሁለቱም መሣሪያ ይገባል፣ ረጅሙ በኮልት ብቻ። ሁለት ዓይነት 45 በአንድ መጋዘን ማኖር ምን እንደሚያመጣ አስቡት። ስኮፊልዱ ከጦሩ እጅ ቶሎ የወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ከወጡት ውስጥ የተወሰኑት አፈሙዛቸው አጥሮ ዌልስ ፋርጎ ለተባለው የማጓጓዣ ኩባንያ የጭነት ጠባቂዎች ደረሱ።

ኡቤርቲ ይህን ችግር ከበሮውን በማስረዘም ስለፈታው የዛሬው ባለ 45 ስኮፊልድ ረጅሙን የኮልት ጥይት ይተኩሳል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ራሱ ከ2000 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ያወጣው ግን አጭሩን ብቻ ነው የሚቀበለው። ሁለቱ ከሩቅ መንታ ይመስላሉ። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ፣ በመልኩ አይግዙ።

በሩሲያው ሞዴልም ያው ነው፤ 44 ራሺያን፣ 44 ስፔሻልና 44 ማግነም የአንድ ቤተሰብ ታናሽና ታላቅ ናቸው፣ በርዝመት ብቻ ይለያያሉ። በባለ ራሺያኑ ከበሮ ውስጥ ሁለቱ ታላላቆች አይገቡም። አልገባ ያለን ጥይት በአውራ ጣት አይግፉ፣ በመዶሻማ ጨርሶ! (አይቻለሁ።)

ጥቁር ባሩድ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራል ብሎ መጠበቅ

የጥንት ወዳጆች የሚያዝኑበት ነገር ይህ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል 3 ከበሮው ፊት ላይ ወጣ ያለ አንገትጌ ነበረው። ጥይት ሲተኮስ በክፍተቱ በኩል የሚረጨው ጥላሸት ከበሮው የሚዞርበት ዘንግ ላይ እንዳያርፍ የሚከላከለው ያ አንገትጌ ነበር። ኡቤርቲ ከበሮውን ሲያስረዝም አካሉን ግን በዚያው ልክ አላስረዘመም። ቦታው ከየት መጣ? ከአንገትጌው። ስለዚህ በጥቁር ባሩድ ሲተኮስ ጥላሸቱ በቀጥታ ዘንጉን ያገኘዋል፤ ከጥቂት ዙር በኋላም ከበሮው መዞር ያስቸግራል፣ መዶሻውም (ከኋላ ያለው፣ ጥይቱን የሚመታው ክፍል) በሁለት እጅ ካልሆነ አልሳብ ይላል።

የሚያስቀው፣ ከ130 ዓመት በላይ የሆነው ዋናው መሣሪያ በዚህ ረገድ ከአዲሱ ይሻላል። ጥቁር ባሩድ የግድ የሚል ሰው ዘንጉን በወፍራም ቅባት ይሙላ፣ በየሁለት ዙሩ የከበሮውን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ፣ ማታውኑም በውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት ይቀባ። ይህ ሁሉ የሚሰለቸው ሰው ጭስ አልባውን ይጠቀም።

ቀለሃ ከኮከቡ ሥር ሲገባ

በውድድር ላይ በጣም የሚታየው ችግር ነው። ተኳሹ መሣሪያውን እየፈራ፣ ቀስ እያለ ይከፍተዋል፤ ኮከቡ ቀለሃዎቹን ከፍ ያደርጋቸዋል፣ ግን አይጥላቸውም። መታጠፉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ኮከቡ በስፕሪንግ ኃይል ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያልወደቀው ቀለሃ ከንፈሩ (ከኋላ ወጣ ያለው ጠርዙ) ከኮከቡ ሥር ይቀራል። አሁን መሣሪያው አይዘጋም። ሰዓት ቆጣሪው ደግሞ አይቆምም።

መድኃኒቱ መሣሪያውን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ሳያቋርጡ በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው መክፈት ነው። ክብደቱ ቀለሃውን ይጥለዋል። ተቀርቅሮ ከተገኘ ኮከቡን በጣት ከፍ አድርጎ ቀለሃውን መምዘዝ ነው። በግድ መዝጋት ኮከቡን ያጣምመዋል። ስኮፊልዶች በአጭሩ ቀለሃ የተሻለ የሚጥሉትም ከንፈሩ ከኮልቱ ትንሽ ስለሚሰፋ ነው፤ የውድድር ሰዎች አጭሩን የሚመርጡት ለቅንጦት አይደለም።

መዶሻውን ሳያስተካክሉ መክፈት

መቆለፊያው በነፃነት የሚንቀሳቀሰው መዶሻው ወደ ኋላ ሲሳብ በመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሲሆን ነው። ከዚያ በፊት የሚታገል ሰው መቆለፊያውን ይቧጭራል። ሲዘጋም እንዲሁ።

ስድስቱንም ሞልቶ መያዝ

አምስት ሞልተው መዶሻውን ባዶው የከበሮ ቀዳዳ ላይ ያሳርፉ። በዚህ አልከራከርም።

የሩሲያውን እጀታ ከታች መያዝ

የዛር መንግሥት መኮንኖች ከ100 ሺህ በላይ ሪቮልቨር ያዘዙ ደንበኞች ስለነበሩ እንደ ፈለጉት ተሠራላቸው። እጀታው ጀርባ ላይ ያለው ጉብታ የእነሱ ፍላጎት ነው፤ መሣሪያው ሲገፋ በመዳፍ ውስጥ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። አዲስ ሰው ግን ከጉብታው ሥር እንደ ያዘ መዶሻውን ለመሳብ አውራ ጣቱን ይንጠራራል፤ አይደርስም፤ አፈሙዙም ሳያስበው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል። መዶሻውን ሲስቡ መዳፍዎን ከፍ ያድርጉ፣ ከሳቡ በኋላ ወደ ጉብታው ሥር ይመልሱት። ወይም በሌላው እጅ አውራ ጣት ይሳቡ። መጀመሪያ ባዶውን ቤት ውስጥ ይለማመዱት። ይህን ሞዴል እወደዋለሁ፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

ያገለገለ ሲገዙ ከበሮውን ብቻ ማየት

ሻጩን አስፈቅደው፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ይዝጉትና አፈሙዙን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ ይሞክሩት። መነቃነቅ የለበትም። የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት ካለዎት በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያስገቡት፤ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል። የማጠፊያው ቡሎን ጥርስ በማይገጥም ጠመንጃ መፍቻ ተበልቶ ካዩ ባለቤቱ እቤቱ ሲፈታታው ኖሯል ማለት ነው። ዋጋ ይቀንሱ ወይም ይተዉት።

«ሪፕሊካ (የጥንቱ ቅጂ) ስለሆነ ሕግ አይመለከተውም»

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ዕቃ ይባላል። አዲሱ ስኮፊልድ መልኩ የ1875 ቢሆንም የሚተኩሰው ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ጥይት ስለሆነ እንደ ማንኛውም ሽጉጥ ይቆጠራል። ከነጋዴ ሲገዛ ቅጽ ይሞላል፣ የገዢው የኋላ ታሪክ ይጣራል። የክፍለ ግዛት ሕግ ደግሞ ከዚህ ሊጠብቅ ይችላል።

ለአባቴ ወይም ለአጎቴ ስጦታ ይሁን ብላችሁ ወደ አገር ቤት ሻንጣ ውስጥ ልትከቱት የምታስቡም አላችሁ፤ በየዓመቱ የሚጠይቀኝ ሰው አላጣም። ከዚህ ለማውጣት ሕግ አለ፤ እዚያም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። ለአባታችሁ ጋቢ ግዙላቸው።