የወንጀል ይግባኝ ከድሬዳዋና ከሐረር እስከ ሰበር

በመጀመሪያ ፍርዱን የሰጠው የማን ፍርድ ቤት እንደሆነ ይለዩ። ድሬዳዋ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው ይግባኙን እዚያው ላለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቀርባል። ከፍተኛው ፍርዱን ከለወጠው ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ካጸናው ግን የቀረው ሰበር፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ የሚያየው ችሎት፣ ነው። በሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች የታየ የክልል ጉዳይ የራሱን የክልል ሰበር ማለፍ አለበት። ከዚያ በኋላ ወደ ፌዴራል ሰበር ለመምጣት የሕግ ስህተት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት አገራዊ ፋይዳ እንዳለውም ማሳየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ቀን ላይ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 187 ሁለት ጊዜ ይሰጣል፦ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን የይግባኝ ማስታወቂያ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ዝርዝር ማመልከቻ። ግልባጭ እስኪወጣ ተብሎ ማስታወቂያው ሲዘገይ መብቱ ያልፋል። ስለዚህ ፍርዱ በተነበበበት ዕለት መዝገብ ቤት ገብተው ማስታወቂያውን ያስገቡ፣ ግልባጭም ይጠይቁ፤ ታራሚ ከሆነ ማመልከቻውን በማረሚያ ቤቱ በኩል ያስገባና የገባበት ቀን እንዲጻፍለት ያድርግ። ጊዜው ያለፈው በራሱ ጥፋት ካልሆነ በአንቀጽ 191 ማስፈቀድ ይችላል። ጥፋተኝነቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው።

ለሰበር ያለው ጊዜ 90 ቀን ነው፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው።

አቤቱታው ላይ ይጠንቀቁ። ሰበር ምስክር አይመዝንም። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ስልክ ነጥቆ ሮጧል የተባለ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 670 በውንብድና ተፈረደበት እንበል። «ምስክሮቹ ዋሽተዋል» ብሎ ቢጽፍ አቤቱታው ይታይ ወይም አይታይ የሚለውን የሚወስነው አጣሪ ችሎት «አያስቀርብም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል። እንዲህ ቢጽፍ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ «የሥር ፍርድ ቤት ራሱ ባረጋገጠው ፍሬ ነገር ላይ ኃይል ወይም ማስፈራራት የለም፤ ስለዚህ ድርጊቱ በአንቀጽ 665 የሚሸፈን ስርቆት ሆኖ ሳለ በ670 መፈረዱ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው።» ስህተቱ ያለበትን የፍርዱን ገጽ ይጥቀሱ፤ በተመሳሳይ ጉዳይ የሰበር አስገዳጅ ትርጉም ካለ የመዝገብ ቁጥሩን ይጻፉ። በየደረጃው የተሰጡትን ፍርዶች ግልባጭ ሁሉ ያያይዙ።

የአጣሪ ችሎቱ ሦስት ዳኞች «ያስቀርባል» ካሉ ዐቃቤ ሕግ መልስ ይሰጥና ጉዳዩ አምስት ዳኞች ፊት ይቀርባል። አቤቱታ መግባቱ ብቻውን ቅጣቱን አያስቆምም፤ እግድ ከተፈለገ ምክንያቱን ገልጾ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።