ያገለገለ ትልቅ ኤስዩቪ ሲገዙ ቦታን፣ ቤንዚንንና ዋጋን እንዴት እንደሚያነጻጽሩ

«ስምንት ሰው ይጭናል» የሚለው የሻጭ ቃል፣ ስምንቱ ከተቀመጡ በኋላ ለሻንጣ ምን ያህል ቦታ እንደሚተርፍ አይናገርም። ከአዲስ አበባ የመጡ ወላጆቹን በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሲወጣ የኋላ በሩ አልዘጋ ይልና አንዱ ሻንጣ በልጆች ጭን ላይ ይጓዛል። ስለዚህ ማነጻጸር የሚጀመረው ወንበሮቹ ሁሉ ተዘርግተው ሳለ ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ከሚቀረው ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 ከተሠሩት መካከል ሸቭሮሌት ታሆ በዚህ መለኪያ 15.3 ኪዩቢክ ጫማ፣ ኒሳን አርማዳ 16.5፣ ቶዮታ ሴኮያ 19 ገደማ፣ ፎርድ ኤክስፒዲሽን 20 ገደማ ሲኖራቸው፣ ረጅሙ ሸቭሮሌት ሰበርባን ወደ 39 ይደርሳል። የታሆ ቦታ ያነሰው የኋላ አክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) አንድ ወጥ በመሆኑ ወለሉ ከፍ ስላለ ነው፤ በ2021 ሞዴል የኋላ ጎማዎቹ ለየራሳቸው እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ ሲሠራ ቦታው ወደ 25.5 አድጓል። አዲስ ሞዴል ሁልጊዜ ይሰፋል ማለት ግን አይደለም፤ በ2023 ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራ) ሆኖ የመጣው ሴኮያ የሚያስቀረው 11.5 ብቻ ነው። ቁጥሩን ካዩ በኋላ የቤትዎን ትልቁን ሻንጣ ይዘው ይሂዱና ጭነው በሩን ይዝጉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይም ራስዎ ገብተው ይቀመጡ፤ ጉልበትዎ ወደ ደረትዎ ከተጠጋ እናትዎ እዚያ ሁለት ሰዓት ሊቀመጡ አይችሉም።

ዋጋን ከቤንዚን ለይቶ ማየት ብዙ ገዢዎችን ይጎዳል። በአራት ጎማ የሚነዳው የ2018 ኤክስፒዲሽን በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በአማካይ በጋሎን 19 ማይል፣ ታሆ 18፣ አርማዳ 15፣ ሴኮያ 14 ይሄዳሉ። በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ሰው በ19 እና በ14 መካከል ያለው ልዩነት 280 ጋሎን ገደማ ነው፤ ጋሎኑ 3.50 ዶላር ቢሆን በዓመት ወደ 1,000፣ በአምስት ዓመት ወደ 5,000 ዶላር ይሆናል። ይህን በመግዣው ዋጋ ላይ ደምረው ያወዳድሩ። አርማዳ ዋጋው ቶሎ ስለሚወርድ ሲገዙት ይረክሳል፤ ሴኮያ ግን ሲያረጅም ዋጋውን አጥብቆ ይይዛል።

በእኔ አስተያየት ሰባት ሰው ከነሻንጣው ለሚያመላልስ ቤተሰብ ሰበርባን፣ ረጅም መንገድ ለሚበዛበት ኤክስፒዲሽን፣ ጥቂት ማይል እየነዳ መኪናውን ለብዙ ዓመት ማቆየት ለሚፈልግ ደግሞ አሮጌው ሴኮያ ይሻላል።

ለማየት ሲቀጠሩ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሣው ይንገሩት፤ እንደደረሱም ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ሞቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ጠዋት ይመለሱ፤ ምክንያቱም የኤክስፒዲሽን 3.5 ሊትር ሞተር የካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ማስተካከያው ሲበላ የሚያሰማው መንኳኳት ቀዝቅዞ ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ይሰማል። ከ2021 እስከ 2024 የተሠሩና 6.2 ሊትር ሞተር ያላቸው ታሆና ሰበርባን በ2025 ለሞተር ችግር እንዲመለሱ ከተጠሩት ወደ 600,000 ከሚጠጉ መኪኖች መካከል ስላሉበት፣ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻሲ ቁጥሩን በአሜሪካ ፌዴራል የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ጥገናው መደረጉን ያረጋግጡ።