ፍቺ ላይ ሳላችሁ ቤቱ እንዳይሸጥ

ደላላ ሰው ይዞ የሳቢያኑን ቤታችንን ሊያሳይ እንደመጣ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ያለው ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ከልጆቼ አባት ጋር ከተለያየን ሁለት ወራችን ነው፤ ነገሩን ሽማግሌዎች ስለያዙት ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር።

ካርታው በእሱ ስም ነው። «በስሙ ከሆነማ ምን ታደርጊያለሽ?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ተሳስተዋል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አንቀጽ 63 ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ይላል። በአንቀጽ 68 መሠረት ደግሞ የጋራ ቤት ያለሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይከራይም፣ በመያዣም አይሰጥም። ለተንቀሳቃሽ ንብረት ገደቡ 500 ብር ስለሆነ ባጃጁም ፍሪጁም እዚያው ውስጥ ይገባሉ።

ሕጉ ይህን ቢልም ገዢ መምጣቱን አይተውም። እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ውክልና ሰጥተሽ እንደሆነ አስታውሺ። እኔ ለንግድ ጅቡቲ ስመላለስ የሰጠሁት ነበር፤ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ቃል አለበት። ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ያ ወረቀት በእጁ እያለ ፊርማዬን ማን ይጠይቀዋል? የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ ሻርኩት። መሻር ብቻውን ግን አይበቃም፣ የሻርሽው መታወቅ አለበት። ለራሱ በጽሑፍ አሳወቅኩት። ለመሬት ክፍሉና ተሽከርካሪ ለሚመዘግበው ቢሮም ኮፒውን ወስጄ ሰጠሁ፤ በእኔው ቅጂ ላይ ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ማኅተም አስመታሁበት።

ቀጥሎ ፍርድ ቤት። ከፍቺው አቤቱታ ጋር የእግድ ማመልከቻ (ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱ እንዳይሸጥ ይከልከልልኝ የሚል) በቃለ መሃላ አስደግፈሽ ታቀርቢያለሽ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ለዚህ ነው። የጋብቻ ማስረጃ፣ የቤቱን ካርታና የባጃጁን ሊብሬ (የባለቤትነት ደብተር) ኮፒ አያይዢ። ኮፒዎቹን ቤት ሳለሁ በስልኬ አንስቼ ባላስቀምጥ ኖሮ ከየት አመጣቸው ነበር? የመጀመሪያው ማመልከቻዬ «የጋራ ንብረታችን ይታገድልኝ» ብቻ ይል ስለነበር «የትኛው ቤት?» ተብዬ ተመለስኩ። ቀበሌውን፣ የቤቱን ቁጥር፣ የካርታውን ቁጥር፣ የባጃጁን ታርጋና ሻንሲ ቁጥር ጻፊ። ሊሸጥ መሆኑን በምን እንዳወቅሽም ጨምሪበት። እኔ ደላላው የመጣበትን ቀን ጠቅሼ ጎረቤቴን በምስክርነት ቆጠርኩ።

ትዕዛዙ ሲሰጥ አልቅሼ ነበር፣ በደስታ። ግን መዝገብ ውስጥ ያለ ትዕዛዝ መሬት ክፍሉ ካላየው ቤቱን አያድነውም። ደብዳቤው እንዲወጣልሽ ተከታተዪ፣ መድረሱንም አረጋግጪ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰሽ እግዱ በቤቱ ፋይል ላይ መመዝገቡን ጠይቂ።

ባጃጁ ግን ቀድሞ ተሸጧል። ለዚህም አንቀጽ 69 አለ፦ ያለፈቃድሽ የተደረገ ውል እንዲፈርስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችያለሽ። ጊዜው ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ነው። እኔ የሰማሁበትን ቀን ያን ማታውኑ ጻፍኩት። ከ500 ብር በላይ መበደርም የሁለቱን ስምምነት ስለሚጠይቅ፣ ድንገት «የዘመድ ዕዳ አለብን» ሲባል አትደንግጪ፣ ማስረጃውን ጠይቂ።

ሐረር ያላችሁ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው አንቀጾቹን ከዚያው አጣሩ።

ሽማግሌዎቹ «ለምን ፍርድ ቤት ሄድሽ?» ብለው ተቀይመውኝ ነበር። እግዱ ዕርቁን እንደማይከለክል፣ ቤቱን ብቻ ባለበት እንደሚያቆየው በእርጋታ ነገርኳቸው፤ እነሱም ሽምግልናውን ቀጥለዋል። እኔም ቀጠሮ ቀርቼ መዝገቡ ቢዘጋ እግዱም አብሮ ስለሚወድቅ፣ በቀጠሮ ቀን ሱቄን ዘግቼ ከማለዳው እዚያ ነኝ።