ከድግሱ በፊት አሮጌውን ቤት ምን ነካው? ምልክቱ፣ ምክንያቱና ጥገናው

በሰሜን ሸዋ ደጋ የቤት ጥገና ጊዜው አጭር ነው። መስከረም ውስጥ ዝናቡ ሲያባራ ይጀመራል፤ ኅዳር ላይ ውርጩ ሲበረታ የውጭ ጭቃ ሥራ ያበቃል። ጥር ላይ ልጅ የሚድር ወይም በዚሁ መሃል ክርስትና ያለበት (ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን) ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንግዳ ከሚያየው ከቀለሙ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ጣሪያ፣ የውሃ መውረጃ፣ ግድግዳ፣ ወለል፣ በመጨረሻ ቀለም ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ሰርጉ ሳይደርስ ይላጣል።

ጣሪያው ያንጠባጥባል

መቼ እንደሚያንጠባጥብ ለዩ። ሰማዩ ጥርት ባለ የኅዳር ወይም የታኅሣሥ ማለዳ ከሆነ ቀዳዳ አትፈልጉ። የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ሌሊት በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ነው የሚወርደው፤ ሬንጅ ቢቀባም አይቆምም። ኮርኒስ ይመታ፣ ከጣሪያው ሥር በሁለቱም በኩል አየር ማስተላለፊያ ይተው፣ የድግሱ ወጥም ውጭ ይሠራ።

በዝናብ ጊዜ ከሆነ ቀዳዳ አለ፤ ግን ጠብታው ከሚወርድበት ቦታ በላይ ነው፤ ውሃው በወራጁ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚመጣ። ፀሐይ ሲወጣ በርና መስኮት ዘግታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ወግታችሁ ከላይ እንዲታይ አድርጉ። ብርሃን ካልታየ አንዱ ከጣሪያው ታችኛ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ እየሄደ ውሃ ያፍስስ፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም አርሶ የቱ እንዳፈሰሰ አይለይም።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚስማሩ ነው። የጣሪያው ባህር ዛፍ እርጥብ ሳለ ተመትቶ ከነበረ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሚስማሩም ይላላል። ያንኑ መልሶ መቀጥቀጥ ለአንድ ክረምት እንኳ አይበቃም። ነቅላችሁ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ሚስማር፣ ከሥሩ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ አድርጋችሁ ምቱ። ሚስማር የሚመታው ቆርቆሮው ከፍ ባለበት ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታውን አውጥታችሁ ቀዳዳውን በሬንጅ ድፈኑ። ዝገት የበላውን ቆርቆሮ ለውጡ፤ ከላይ ወደ ታች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ስትወጡ ማገሩ ባለበት ሳንቃ አንጥፉና በእሱ ላይ ተራመዱ።

የግድግዳው እግር ይረግፋል

ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ምርጊቱ ከረገፈ ምክንያቱ ከጣሪያው ወርዶ የሚፈናጠር ውሃ፣ ወይም ከውጭ የተከመረ አፈር ነው። እሱ ሳይነሳ መመረግ ከንቱ ልፋት ነው። የውጩን አፈር ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ፣ አሸንዳ ስቀሉ፣ ጠብታው በሚያርፍበት ጠጠር አፍስሱ፣ ቦዩም በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እየወረደ ከቤት ይራቅ።

ለምርጊቱ ቀይ አፈር ይሻላል፤ መረሬ (ጥቁሩ አፈር) ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ለሦስት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ የጤፍ ጭድ መነሻ ነው። በቀን በቀን እየረገጣችሁ ሳምንት ያህል ይቡካ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሁለት ክንድ ያህል ቦታ መርጋችሁ ሞክሩ፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ጭድ ጨምሩ። አሮጌውን ግድግዳ ሳታርሱ አትመርጉ፣ አዲሱ አይይዝም። የመጀመሪያው ውፍረት ከ2 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ሁለተኛውም የመጀመሪያው ፈጽሞ ሳይደርቅ አይመረግ። እርጥብ ምርጊት ሌሊት ውርጭ ከመታው ጠዋት እንደ ዱቄት ይራገፋል፤ የውጩ ሥራ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይለቅ የምንለው ለዚህ ነው።

ጭቃ ቤት በሲሚንቶ መለሰን ለሰርግ ያምራል፣ ግን አንመክርም። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር አይዋሃድም፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ውስጡን ያበሰብሰዋል። በአንድ ሁለት ክረምት እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ግድግዳው ተሰንጥቋል

ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የላይ ምርጊት ነው፤ በቀጭን ጭቃ ይሞላል። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ ከመሠረቱ ነው፦ መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ስንጥቁ ላይ ወረቀት ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከተቀደደ መሬቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነውና አትድፈኑት። ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ወይም እንደ መንዝ ባለ የድንጋይ ቤት ግድግዳው ሆዱን ከነፋ፣ ግንበኛ ሳያየው ሰው በሥሩ አይቀመጥ። የዳሱን ገመድም በእሱ ላይ አትሰሩ፤ ነፋስ ሲመታው ግድግዳውን ይጎትታል። ለገመዱ ችካል ትከሉ።

በሩ አይዘጋም

እንጨቱ ክረምቱን ጠጥቶ ነው ያበጠው። መስከረም ላይ ከተላገ ኅዳር ላይ ሲደርቅ ክፍተት ይተውና ብርዱን ያስገባል። ታገሱት፤ ኅዳር ላይም ካልዘጋ ያን ጊዜ ይላግ። ከዚያ በፊት ግን ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ እዩ።

የምሰሶው እግር ይበሰብሳል

ከመሬት ጋር በሚገናኝበት በካቻቢቴ ውጉት። በቀላሉ ከገባ በስብሷል። መጀመሪያ ጣሪያውን በሌላ እንጨት ደግፉ፣ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ቀሪውን በድንጋይ ላይ አስቀምጡ።

ሁለት ምጣድ ሲሰካ መብራት ይጠፋል

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ለመብራት የተዘረጋ አሮጌ ሽቦ አይችለውም። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር ሽቦውን ማቃጠል ነው። ለምጣዱ ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በባለሙያ ይዘርጋ፤ እስከዚያ በየተራ ጋግሩ።

አራስ ቤት ውስጥ ራስ ያማል

ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ኖሮ ውጭ ሲወጡ ከቀለለ የከሰል መርዝ ነው። ጭሱ ቢያልቅም ፍሙ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ብርዱን ፈርቶ ስንጥቁን ሁሉ የደፈነ ቤት ደግሞ አምቆ ይይዘዋል። ከሰል ተኝተው በሚያድሩበት ክፍል አይግባ፤ አራሷንና ሕፃኑን በብርድ ልብስ አሙቁ። ምልክቱ ከታየ ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ የደከመውንም ሐኪም ቤት አድርሱ።